አጋቬ በደረቅና ፀሐያማ ግቢ፦ አመራረጡ፣ አተካከሉና አያያዙ

እንደሚታወቀው በላስ ቬጋስ፣ በፊኒክስና ከባሕር ዳርቻው ራቅ ባሉት የደቡብ ካሊፎርንያ ከተሞች በርካታ ወገኖቻችን ይኖራሉ። በእነዚህ ከተሞች ቤት የገዛ ሰው ከቤቱ ቁልፍ ጋር አንድ ጥያቄም አብሮ ይረከባል፤ ግቢው ላይ ምን ይተከል? ሣር ውሃ ይበላል። ጽጌረዳ በጁላይ ሙቀት ይጠወልጋል። ባዶ ጠጠር ደግሞ ግቢውን እንደ ምጣድ ያግለዋል። ለዚህ ጥያቄ ከሚሰጡት መልሶች አንዱ አጋቬ የሚባለው ተክል ነው።

አጋቬ በችግኝ መሸጫ ሲታይ ምንም የማያስቸግር ይመስላል። ሻጩም "ይትከሉትና ይርሱት" ይላል። አባባሉ ግማሽ እውነት ነው። አጋቬ ከተተከለ በኋላ በእርግጥ ብዙ አይጠይቅም፤ ከመተከሉ በፊት ግን ብዙ ማሰብ ይጠይቃል። የትኛው ዓይነት፣ በምን አፈር፣ ከመተላለፊያው ምን ያህል ርቆ የሚሉት ጥያቄዎች አስቀድመው ካልተመለሱ፣ ዛሬ በአንድ እጅ የተሸከሙት ችግኝ ከአሥር ዓመት በኋላ በሰንሰለት ተጎትቶ የሚወጣ እሾሃም ጉብታ ይሆናል፤ አለዚያም በመጀመሪያው ዓመት በስብሶ ይቀራል። በዚህ ጽሑፍ ከምርጫው እስከ አበባው ያለውን ጉዳይ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

አንድ ማሳሰቢያ እናስቀድም። በጋና ክረምት የሚሉት ቃላት ሀገር ቤት የሚይዙት ትርጉም እዚህ ካለው ወቅት ጋር ስለማይገጥም፣ ወራቱን በፈረንጆቹ ስም እንጠራቸዋለን። ዓመተ ምሕረቶቹም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁልቋል፣ እሬት፣ ቃጫ፦ አጋቬ የትኛው ነው?

አጋቬን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ኢትዮጵያዊ አብዛኛውን ጊዜ "ይሄማ ቁልቋል ነው" ወይም "እሬት ነው" ይላል። አጋቬ ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። በሀገራችን ቆላና ወይና ደጋ የሚበቅለው፣ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰው ቁልቋል የአፍሪካ ተክል ሲሆን ከአጋቬ ጋር ዝምድና የለውም። እሬትም የአፍሪካና የዐረብ ምድር ተክል ነው። አጋቬ ግን የተገኘው በአሜሪካ አህጉር ነው። አብዛኞቹ ዓይነቶች የሚገኙት በሜክሲኮ ሲሆን፣ ከዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ ምዕራብ አንሥቶ እስከ ደቡብ አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍልና እስከ ካሪቢያን ደሴቶች ይዘልቃሉ። ስሙን በ1753 ያወጣለት ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኔዎስ ነው፤ ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሆኖ "የተከበረ፣ የሚደነቅ" ማለት ነው።

አጋቬ ለሀገራችን ፈጽሞ እንግዳ ነው ማለት ግን አይደለም። እንደ በርበሬ፣ እንደ በቆሎና እንደ በለስ ሁሉ አጋቬም ከአሜሪካ ተነሥቶ ኢትዮጵያ ደርሷል። በትግራይና በሌሎች የሰሜን አካባቢዎች በአጥርነትና አፈር እንዳይሸረሸር በመከላከያነት ተተክሎ ይታያል። ለገመድና ለጆንያ መሥሪያ የሚውለውን ጭረት የሚሰጠው ሲሳል የተባለው ተክልም ራሱ የአጋቬ ዓይነት ነው። ብዙዎቻችን "ቃጫ" የምንለው ይህንኑ ነው፤ ይሁንና ቃጫ የጭረቱ ስም እንጂ የአንድ ተክል ብቻ ስም አይደለም፤ ከእንሰት የሚወጣውም ቃጫ ይባላልና።

ይህ የስም ጉዳይ የቃላት ክርክር ብቻ እንዳይመስል። እሬትን ለቃጠሎ፣ ለፀጉርና ለቆዳ መቀባት በሀገራችን የቆየ ልማድ ነው። አጋቬን እሬት ነው ብሎ ቆርጦ ቆዳው ላይ የሚቀባ ሰው ግን ብርቱ ጉዳት ሊደርስበት ይችላል። በብዙዎቹ አጋቬዎች ጭማቂ ውስጥ ለዓይን የማይታዩ መርፌ መሳይ የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶችና ሳፖኒን የተባሉ ቆዳ የሚያስቆጡ ንጥረ ነገሮች አሉ። ሁለቱን ለመለየት የሚከተሉትን ምልክቶች ማየት ይበቃል። የእሬት ቅጠል በቀላሉ ቀንጠስ ይላል፤ ውስጡም ዝልግልግ ነው። የአጋቬ ቅጠል ግን በውስጡ ጠንካራ ጭረት ስላለበት በእጅ አይቀነጠስም፤ በአብዛኞቹ ዓይነቶችም ጫፉ ላይ እንደ ወስፌ የጠነከረ አንድ እሾህ አለው። እሬት በየዓመቱ ያብባል፤ አጋቬ ግን በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። ከዚህ በኋላም ጥርጣሬ ካለ፣ ቆዳ ላይ አለመቀባት፣ አለመቅመስም ነው።

ያለ ውሃ የሚኖርበት ምሥጢር

አብዛኞቹ ዕፅዋት አየር የሚያስገቡባቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚከፍቱት በቀን ነው። በዚያው ቀዳዳ ውሃቸው በፀሐይ ይተናል። አጋቬ ግን ቀዳዳውን የሚከፍተው በዋናነት ሌሊት፣ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ነው። ሌሊት ያስገባውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሲድ መልክ አከማችቶ፣ ቀን ቀዳዳውን ዘግቶ በፀሐዩ ብርሃን ምግቡን ይሠራል። በዚህ ላይ ወፍራም ቅጠሉ የውሃ ጎተራ ነው፤ ላዩ ላይ ያለው ሰም መሳይ ልባስም ትነትን ይከላከላል። ሥሩ ወደ ታች ከመጥለቅ ይልቅ ከመሬቱ ወለል ብዙም ሳይርቅ ወደ ጎን ስለሚዘረጋ፣ ትንሽ ዝናብ እንኳ ቢጥል ፈጥኖ ይመጠዋል።

የአጋቬ አያያዝ ሁሉ ከዚህ ይነሣል። ሥሩ ለአጭር ጊዜ ርሶ ለረጅም ጊዜ በሚደርቅ አፈር ውስጥ እንዲኖር የተፈጠረ ነው። ሁልጊዜ እርጥብ በሆነ አፈር ውስጥ አየር ያጣና ይበሰብሳል። ማርም ሲበዛ ይመራል እንደሚባለው፣ በሰው ግቢ ያለ አጋቬ ከጥማት ይልቅ በእንክብካቤ ብዛት ይሞታል።

የውሃው ጉዳይ በላስ ቬጋስ

ላስ ቬጋስ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ታገኛለች፤ ልዩነቱ ከዐሥር እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። የላስ ቬጋስ ሸለቆ ከሚጠቀምበት ውሃ 90 በመቶ ያህሉ ከኮሎራዶ ወንዝ፣ በሚድ ሐይቅ በኩል የሚመጣ ነው። ሐይቁ በ1930ዎቹ ከተሞላ ወዲህ ዝቅተኛ ወደሆነው ደረጃ የወረደው በጁላይ 2022 ነበር። ከዚያ በፊት በ2021 የኔቫዳ ግዛት ባወጣው ሕግ መሠረት፣ ለጌጥ ብቻ የተተከለን ሣር ከ2026 ማብቂያ በኋላ በኮሎራዶ ወንዝ ውሃ ማጠጣት ክልክል ነው። ሕጉ በመንገድ ዳር፣ በንግድ ቦታዎችና በመኖሪያ ማኅበራት የጋራ ይዞታ ላይ ያለውን ሣር የሚመለከት ሲሆን የግለሰብ መኖሪያ ቤቶችን አይነካም።

የደቡብ ኔቫዳ የውሃ ባለሥልጣን ሣሩን ነቅሎ በውሃ ቆጣቢ ተክል ለሚተካ ባለቤት ገንዘብ ይከፍላል። በባለሥልጣኑ ስሌት መሠረት አንድ ካሬ ጫማ ሣር ሲተካ በዓመት በአማካይ 55 ጋሎን ውሃ ይቆጠባል። የክፍያው መጠን በየጊዜው ስለሚለዋወጥ የወቅቱን መጠን መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለት ነገሮች ግን ከወዲሁ ይታወቁ። አንደኛ፣ ማመልከቻው የሚቀርበው ሣሩ ከመነቀሉ በፊት ነው፤ አስቀድሞ ነቅሎ ገንዘብ መጠየቅ አይቻልም። ሁለተኛ፣ ተክሎቹ ሲያድጉ ከቦታው ግማሹን መሸፈን ስላለባቸው ሦስት አጋቬ በጠጠር ባሕር መካከል አቁሞ መተው አያዋጣም።

ሁለተኛው ግዴታ ለገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ለቤቱም ይበጃል። በጁላይ 7 ቀን 2024 ላስ ቬጋስ ላይ የተመዘገበው ሙቀት 120 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 49 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነበር። በዚህ ዓይነት ቀን ጥላ የሌለው ጠጠር ሙቀቱን ውጦ ሌሊት ወደ ቤቱ ይመልሰዋል። ስለዚህ አጋቬዎቹ እንደ መስኪት፣ ፓሎ ቬርዴ ወይም የበረሃ አኻያ ያሉ ጥላቸው ሳሳ ያለ ዛፎች አጠገብ ቢተከሉ፣ ግቢውም ይበርዳል፤ ለአጋቬዎቹም ከከሰዓት በኋላው ፀሐይ መጠለያ ይሆናቸዋል።

የትኛውን ዓይነት እንምረጥ?

አጋቬ 200 ያህል ዓይነት አለው። በችግኝ መሸጫ የሚገኙት ጥቂቶቹ ናቸው። ሲገዙ መጠየቅ ያለባቸው አራት ነገሮች አሉ፤ ሲያድግ ምን ያህል ይሰፋል? ምን ያህል ቅዝቃዜ ይችላል? ልጅ ያበዛል ወይስ ብቻውን ይኖራል? እሾሁ ምን ያህል ነው? ከዚህ በታች ያሉት ልኮች ግምታዊ ናቸው።

*አጋቬ አሜሪካና።* ከሁሉም የታወቀው ነው። ቁመቱ እስከ 2 ሜትር፣ ስፋቱ እስከ 3 ሜትር ይደርሳል። እስከ 9 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይችላል። በየአቅጣጫው ልጆች ያወጣል፤ እሾሁም ብርቱ ነው። ለሰፊ ቦታ እንጂ ለተራ የከተማ ግቢ አይሆንም። ርካሽ ስለሆነና ጎረቤትም በነጻ ስለሚሰጠው ብዙ ሰው የሚሳሳተው በእርሱ ነው።

*አጋቬ ፓሪ።* 60 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚሆን፣ ቅጠሎቹ እንደ ጽጌረዳ ተደራርበው የተጠቀለሉ፣ ግራጫማ አጋቬ ነው። ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ የሚደርስ ብርድ ይችላል። ተፈጥሮው የተራራ ስለሆነ በቆላማው በረሃ ከሰዓት በኋላ ጥላ ይወዳል።

*አጋቬ ቪክቶሪያ ሬጂና።* ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ቅጠሎቹ ላይ ነጭ መስመር የተሣለበት የሚመስል ውብ ተክል ነው። 10 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይችላል። ዕድገቱ እጅግ ቀርፋፋ ነው፤ ለትንሽ ግቢና ለአበባ ሸክላ ይመቻል።

*አጋቬ ኦቫቲፎሊያ።* ቅጠሉ ሰፊና ሰማያዊ ነው። አንድ ሜትር ቁመት፣ 1.5 ሜትር ስፋት ይኖረዋል። ብርድ ይችላል፤ ልጅ ስለማያበዛም ለፊት ለፊት ግቢ ከሚመረጡት አንዱ ነው።

*አጋቬ ቪልሞሪኒያና።* ቅጠሎቹ ጠምዘዝ ብለው የተዘረጉ በመሆናቸው "ኦክቶፐስ አጋቬ" ይሉታል። የቅጠሉ ጠርዝ ጥርስ የለውም፤ የጫፉ እሾህም ለስላሳ ነው። እስከ 6 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይችላል። ከሌሎቹ ቀደም ብሎ ያብባል።

*አጋቬ ብራክቴዎሳ።* 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ምንም እሾህ የለውም። ጥላም ይችላል። ትንንሽ ልጆች ላሉበት ቤት ቀዳሚ ምርጫ መሆን አለበት።

*አጋቬ አቴኑዋታ።* እሾህ የሌለው፣ ለስላሳ፣ እንደ አበባ የተከፈተ ነው። በሎስ አንጀለስና በሳን ዲዬጎ ባሕር ዳርቻ በየግቢው ይታያል። ከዜሮ በታች ከ2 ዲግሪ ያለፈ ብርድ ይጎዳዋል፤ የበረሃው የጁላይ ፀሐይም ያቃጥለዋል። ካሊፎርንያ ያለ ዘመድ ቤት አይቶ ወደደውና ላስ ቬጋስ ወስዶ ግልጥ ሜዳ ላይ የሚተክል ሰው ይከስራል።

ቦታና አፈር

ቦታ ሲመረጥ መለካት ያለበት ችግኙ ሳይሆን ያደገው ተክል ነው። ከመተላለፊያ፣ ከመኪና ማቆሚያና ከበር ያለው ርቀት፣ ያደገው ተክል ስፋት ግማሽና በዚያ ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ለምሳሌ 3 ሜትር የሚሰፋ አጋቬ ከመንገዱ 2 ሜትር ከ10 መራቅ አለበት። ቀጥሎም ዝናብ ሲጥል ከጣሪያው የሚወርደው ውሃ የሚጠራቀመው የት እንደሆነ ይመልከቱ፤ እዚያ አይትከሉ።

አፈሩ ውሃ ማሳለፉን ለመፈተን 30 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረው በውሃ ይሙሉት፤ ውሃው ከሰረገ በኋላ እንደገና ይሙሉት። ሁለተኛው ውሃ በሰዓት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር እንኳ ካልወረደ ቦታው እንዳለ ለአጋቬ አይሆንም። በኔቫዳና በአሪዞና ለዚህ ዋናው ምክንያት ካሊቼ የሚባለው፣ ከኖራ የተሠራ እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ የመሬት ንጣፍ ነው። በካሊቼ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ እንደ ገንዳ ውሃ ይይዛል። መፍትሔው ወደ ታች መቆፈር ሳይሆን ወደ ላይ መከመር ነው። የግቢውን አፈር ከጠጠርና ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሎ ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጉብታ መሥራትና በዚያ ላይ መትከል ነው። ብስባሽና ፍግ አይጨምሩ፤ እርጥበት ይይዛሉ። ከጠጠሩ ሥርም ላስቲክ አይዘርጉ፤ አፈሩ እንዲተነፍስ ያስፈልጋል።

አተካከል

በበረሃው ሁለት የመትከያ ጊዜ አለ፤ ከማርች እስከ ኤፕሪልና ከሴፕቴምበር ማብቂያ እስከ ኦክቶበር። በጁንና በጁላይ የተተከለ አጋቬ ሥር ሳይሰድ በፀሐይ ይቃጠላል።

1. በመሸጫው የተገዛው ተክል በጥላ ሥር የቆየ ከሆነ፣ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ቀስ በቀስ ፀሐይ ያለማምዱት።
2. የጉድጓዱ ጥልቀት ከሥሩ አይብለጥ፤ ስፋቱ ግን ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሁን።
3. ቅጠሎቹ የሚነሡበት አንገቱ ከአፈሩ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። አንገቱ የተቀበረ አጋቬ ብዙም አይቆይም።
4. ሥሩ ቆስሎ ከሆነ ለአንድ ሳምንት ያህል በጥላ ይድረቅ፤ ከተተከለም በኋላ ለጥቂት ቀናት ውሃ አያግኘው።
5. በመጀመሪያው የሙቀት ወቅት ከ30 እስከ 50 በመቶ ብርሃን የሚከለክል የጥላ መረብ ይወጠርለት። በቅጠሉ ላይ የሚወጣው ነጣ ያለ ወይም ቢጫ ጠባሳ የፀሐይ ቃጠሎ ነው፤ አይሽርም፤ በአዲስ ቅጠል እስኪተካ መጠበቅ ብቻ ነው።

ውሃ አሰጣጥ

በመጀመሪያው የሙቀት ወቅት በየሳምንቱ ወይም በየአሥር ቀኑ አንድ ጊዜ በደንብ ማጠጣት ይበቃል። ከሁለተኛው ዓመት ወዲህ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ይሁን። ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ ጭራሽ አያስፈልገውም። በሚጠጣበት ጊዜ ውሃው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጠልቆ ይግባ። ይህን ለማወቅ ቀጭን የብረት ዘንግ መሬት ላይ ይትከሉ፤ ዘንጉ እርጥብ አፈር ውስጥ በቀላሉ ይገባል፤ ደረቁ ላይ ሲደርስ ይቆማል።

የጠብታ መስኖ ካለ ጠብታው ከአንገቱ ራቅ ብሎ፣ ሥሩ በሚዘረጋበት በኩል ይውረድ። ብዙ ቤቶች ውስጥ የመስኖው ሰዓት አንድ ጊዜ ተሞልቶ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያው ይቀራል፤ ዛፉም፣ አበባውም፣ አጋቬውም በአንድ መስመር ይጠጣሉ። አጋቬ የራሱ መስመር ይኑረው፤ ወይም ከመስኖው ወጥቶ በእጅ ይጠጣ። የጠማው አጋቬ ቅጠሉ ይጨማደዳል፤ ወደ ውስጥም ይጠቀለላል፤ ውሃ ሲያገኝ በጥቂት ቀናት ይመለሳል። ውሃ የበዛበት ግን የታችኛው ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይልማል። የጠማውን ማዳን ቀላል ነው፤ የበሰበሰውን ግን አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ጥርጣሬ ሲኖር አለማጠጣቱ ይሻላል። ማዳበሪያም በመሬት ለተተከለ አጋቬ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም።

እሾሁና ጭማቂው

እሾሁ ልጅ ዓይን ደረጃ ላይ የሚሆንበት ጊዜ አለና አጋቬ ኳስ ከሚጫወቱበት ቦታ ይራቅ። የቅጠሉን ጫፍ እሾህ ብቻ በመቀስ መቁረጥ ይቻላል፤ ሥጋውን ግን መንካት አይገባም። የታችኛውን ደረቅ ቅጠል ሲያነሡ ወፍራም ጓንት፣ ረጅም እጅጌና የዓይን መነጽር ያድርጉ። አጋቬን በሞተር መጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ መከርከሚያ ፈጽሞ አይቁረጡ፤ ጭማቂው ተረጭቶ ቆዳን እንደ ቃጠሎ ያቆስላል፤ ደም የቋጠረ ሽፍታም ያወጣል። ጭማቂው የነካው ቦታ ቶሎ ብሎ በብዙ ውሃና በሳሙና ይታጠብ። ዓይን ውስጥ ከገባ ወይም እሾሁ መገጣጠሚያ ላይ ተሰብሮ ከቀረ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

የአጋቬ ነቀዝ

እህል ውስጥ የሚገባውን ነቀዝ ሁላችንም እናውቀዋለን። አጋቬም የራሱ ነቀዝ አለው። ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ጥቁር፣ አፉ ቱቦ መሳይ ጥንዚዛ ነው። ሴቲቱ ከግንዱ አጠገብ ቅጠሉን በስታ እንቁላል ትጥላለች። በቀዳዳው የሚገባው ባክቴሪያ የተክሉን ሥጋ ያበሰብሰዋል፤ ነጫጮቹ ትሎችም ያንን እየበሉ ያድጋሉ። ትናንት ደህና የነበረ ትልቅ አጋቬ ዛሬ የታችኛው ቅጠሉ በሙሉ መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ መካከሉ ብቻ ቆሞና ሸትቶ ከተገኘ ነቀዙ ገብቶበታል ማለት ነው። ከዚህ ደረጃ በኋላ መድኃኒት የለውም። አጋቬ አሜሪካናና የመሳሰሉት ትልልቆቹ፣ በተለይም ለማበብ የተቃረቡት፣ ከሁሉ በላይ ይጠቃሉ።

የተጠቃው ተክል ከነሥሩና በዙሪያው ካለው አፈር ጋር ተነሥቶ፣ በላስቲክ ታሽጎ ከቆሻሻ ጋር ይሂድ፤ ብስባሽ ክምር ውስጥ አይግባ። በዚያው ቦታ ላይ ሌላ አጋቬ ሳይሆን ሌላ ዓይነት ተክል ይተካ። ለመከላከል በጸደይ ወራት ሥሩ ላይ የሚፈስስ ኢሚዳክሎፕሪድ የተባለ መድኃኒት አለ። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ንብንም ይገድላል፤ ሊያብብ የተቃረበ ተክል ላይ መጠቀም አይገባም። የአውሮፓ ኅብረት በ2018 ከግሪን ሐውስ ውጪ እንዳይረጭ ከልክሎታል፤ በካሊፎርንያም ከ2025 መግቢያ ጀምሮ ለተራ ገዢ መሸጡ በሕግ ተገድቧል። ስለዚህ የሚኖሩበትን ቦታ ሕግ አስቀድመው ይጠይቁ። ከመድኃኒት ይልቅ የሚያዋጣው ትልልቆቹን አለማብዛት፣ ዓይነቶቹን ማሰባጠርና ከሌላ ግቢ የመጣን ችግኝ ሥሩን ሳይመረምሩ አለመትከል ነው።

አበባውና ፍጻሜው

አጋቬ የሚያብበው አንድ ጊዜ ነው። እንሰትም እንዲሁ አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታልና ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። ፈረንጆቹ አጋቬ አሜሪካናን "የመቶ ዓመት ተክል" ቢሉትም፣ እውነተኛው ዕድሜው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 ዓመት ነው። ጊዜው ሲደርስ ከመካከሉ ግንድ የመሰለ ዘንግ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ6 እስከ 9 ሜትር ይመዘዛል። ተክሉ ለዓመታት ያጠራቀመውን ስኳር ሁሉ ያወጣበታል። የሜክሲኮ ሰዎች ፑልኬ የተባለውን መጠጥ የሚጠምቁት ይህ ዘንግ ሊወጣ ሲል ከተክሉ ልብ ከሚቀዳው ጭማቂ ነው፤ ቴኪላና ሜስካልም የሚወጡት ከአጋቬ ልብ ነው።

አንዳንድ ሰው ተክሉን ለማዳን ብሎ ዘንጉን ይቆርጠዋል። ይህ ሞቱን አያስቀረውም። አበባው ግን ለንብ፣ ለወፍና ለሌሊት ወፍ ቀለብ ነው። በደቡብ አሪዞና የአጋቬን የአበባ ማር የሚመገብ አንድ የሌሊት ወፍ ዓይነት ከ1988 ጀምሮ ሊጠፉ ከተቃረቡ እንስሳት መዝገብ ላይ ነበር፤ ቁጥሩ ስላገገመ በ2018 ከመዝገቡ ወጥቷል። ለዚህ ከረዱት ነገሮች አንዱ ሰዎች አጋቬዎቹን እንዲያብቡ መተዋቸው ነው። ዘንጉ ሲደርቅ ግን በነፋስ ስለሚወድቅ፣ ቤት ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ከሆነ ባለሙያ ቢያነሣው ይመረጣል።

እናቲቱ ስትሞት ብዙ ጊዜ ልጆች ትታ ነው። ከሥሯ የሚወጡት ልጆች የእጅ መዳፍ ሲያህሉ፣ የሚያገናኛቸውን ሥር በስለት ቆርጦ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ለጥቂት ቀናት በጥላ አቆይቶ፣ ጠጠር በበዛበት ደረቅ አፈር መትከል ነው። የመጀመሪያው ውሃ ከአንድ ሳምንት በኋላ ይሰጣል። እንደ ቪልሞሪኒያናና ሲሳል ያሉት ደግሞ በአበባው ዘንግ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ችግኞች ያወጣሉ፤ ለቅሞ መትከል ብቻ ነው። ልጅ የማያወጡት በዘር ይራባሉ። ያበበውን ተክል ለማቆየት ከመድከም ልጆቹን አሳድጎ ለወዳጅ ማካፈል ይሻላል።

በሌሎች አገሮች ለሚኖሩ አንባቢያን

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሌሊቱም ስለሚሞቅና እርጥበት ስላለው አጋቬ ከሰዓት በኋላ ጥላ ቢያገኝ ይሻለዋል። በኪራይ ቤት ለሚኖርም ከሥሩ ሰፊ ቀዳዳ ያለው ሸክላ ይበቃል። በእስራኤልና በሜዲትራኒያን ዳርቻ ዝናቡ በብርዱ ወራት ስለሚመጣ፣ ከብርዱ ይልቅ ብርድና እርጥበት አንድ ላይ መሆናቸው ነው የሚጎዳው፤ ስለዚህ ጉብታው ከፍ ይበል። በጀርመን፣ በስዊድንና በመሳሰሉት አጋቬ በሸክላ ተተክሎ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ውጪ ይውላል፤ ከዚያ ብርሃን ወዳለበት፣ ውርጭ ወደማይደርስበት ቀዝቃዛ ክፍል ይገባና እስከ ማርች ውሃ እምብዛም አያገኝም።

በስፔን አጋቬ አሜሪካና በ2013 በወጣው የወራሪ ዝርያዎች ዝርዝር ውስጥ ስላለ መሸጥም ሆነ ማዛመት የተከለከለ ነው። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ተክል በሻንጣ ይዞ መግባትም ከዲሴምበር 2019 ወዲህ የጤንነት ምስክር ወረቀት ይጠይቃል። በአሪዞና ደግሞ ከዱር አጋቬ ቆፍሮ መውሰድ ያለ ፈቃድ አይቻልም። ችግኝ ከታወቀ መሸጫ መግዛት ወይም ከጎረቤት ልጅ መቀበል ይመረጣል።

ማጠቃለያ፦ የዓመቱ ሥራ በአጭሩ

ፌብሩዋሪ፦ የመስኖውን ሰዓት ማስተካከል፣ የደረቀ ቅጠል ማንሣት። ማርችና ኤፕሪል፦ መትከል፣ ልጆችን መለየት፣ ነቀዝ መኖሩን ማየት። ከሜይ እስከ ኦገስት፦ አልፎ አልፎ በጥልቀት ማጠጣት፣ ለአዳዲሶቹ ጥላ መወጠር። ሴፕቴምበርና ኦክቶበር፦ ሁለተኛው የመትከያ ጊዜ፣ ውሃ መቀነስ። ከኖቬምበር እስከ ጃንዋሪ፦ ውሃ ማቆም፣ ብርድ የማይችሉትን ውርጭ በሚጠበቅበት ሌሊት በጨርቅ መሸፈን፤ ላስቲክ ግን ቅጠሉን መንካት የለበትም።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ አንባቢ ካለ ይህን ያስታውስ። ከመትከልዎ በፊት ሜትር ይዘው ይለኩ፤ አፈሩን በውሃ ይፈትኑ፤ ከተከሉ በኋላ ግን እጅዎን ይሰብስቡ። ዛሬ የሚተከለው አጋቬ አበባውን ሲያወጣ አሁን በግቢው የሚድኸው ልጅ ጎልማሳ ሆኖ ይሆናል። ቦታው በደንብ ከተመረጠለት ያንን ቀን ማንንም ሳያቆስል፣ ብዙ ውሃም ሳይጠይቅ ይደርሳል።

መልካም ተከላ!